ለሁለት ሰው የታዘዘ ኬክ

ቺዙሩ በጃፓን፣ በኦታሩ ከተማ በልብስ ስፌት የምትተዳደር፣ ሃምሳ ስምንት ዓመት የሞላት፣ አግብታ የማታውቅ ሴት ናት። ለገና ዋዜማ ለሁለት ሰው የሚበቃ የእንጆሪ ኬክ ስታዝ፣ ኬክ ጋጋሪዋ ቶኪኤ እርሳሷን ከጆሮዋ ላይ አውርዳ ትክ ብላ አየቻት።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቁራጭ ነበር የምትወስጂው። ዘንድሮ ምን ተገኘ?»

«ሆዴ ሰፋ፣ እትዬ ቶኪኤ።»

«ሆድሽ ደግሞ ኮፍያ አድርጎ በባቡር ይመጣል አሉ።»

ቺዙሩ እስከ ጆሮዋ ቀላች።

ሰውየው ሹንሳኩ ኩዋባራ ይባላል። ሚስቱ የሞተችበት፣ በየወሩ ከሳፖሮ እየመጣ ለልብስ ሰፊዎች ቁልፍ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ስድስት ዓመት ቁልፍ ሲያስመርጣት ኖሮ በመጨረሻ ራሱን አስመረጣት። «የዘንድሮን ዋዜማ ቤትሽ እራት አብዪኝ። በማግስቱ ለልጄ እነግራታለሁ» ብሏታል። እስከዚያው ልጁ እንዳታውቅ ቺዙሩ ቤቱ አትደውልም፤ እሱ ነው እሁድ እሁድ ከመንገድ ስልክ የሚደውለው።

ከዚያ ሦስት እሁድ ስልኩ ዝም አለ። ቺዙሩ ምግብ አልበላ ብሏት ሰነበተች። በአራተኛው ሳምንት ግራጫ ጠርዝ ያለው ካርድ መጣላት፤ ሰው የሞተበት ቤት «ሐዘን ላይ ነንና የአዲስ ዓመት ሰላምታ አንልክም» ብሎ የሚያሳውቅበት ካርድ። ኩዋባራ የሚለውን የቤተሰብ ስም አየች። የቀረውን ማን ያነበዋል? የሁሉም ቃል አንድ ነው። እናቱ ደግሞ በዘጠና አንድ ዓመታቸው አልጋ ላይ ናቸው።

«ምስኪን፣ ለካ እናቱን ሲቀብር ነው» አለች። እውነቱን ለመናገር እፎይም አለች፤ ኋላ ራሷን ይቅር ማለት ያቃታት በዚህ ነው።

እራቱን ለሐዘንተኛ እንዲሆን አድርጋ አሰበችው። ቀዩን ሻማ በነጭ ለወጠች። የሚያብለጨልጨውን ወረቀት ከመስኮቱ ላይ አነሳች። በዋዜማው ከሰዓት ዶሮውን ጠብሳ፣ ኬኩን አምጥታ፣ ሁለት ሳህን ደረደረች። ገና ከበር ሲገባ እናቱን በስማቸው ጠርታ ልታጽናናው ፈለገች። ስማቸውን ስለማታውቅ መነጽሯን አድርጋ ካርዱን አወጣች።

«አባታችን ሹንሳኩ ኩዋባራ ባለፈው ወር በስልሳ አንድ ዓመታቸው በድንገት አርፈዋል። ደንበኞቻቸውን ሁሉ ስለ ውለታቸው እናመሰግናለን» ይላል።

ደንበኞቻቸውን። ልጁ የአባቷን የአድራሻ ደብተር ይዛ ለቁልፍ ገዢዎች ሁሉ ስትጽፍ፣ ቺዙሩም ከነሱ እንደ አንዷ ደርሷታል። ማንን ትውቀስ? ዶሮው እስኪቀዘቅዝ ድረስ አለቀሰች፤ ከቀዘቀዘም በኋላ አለቀሰች።

በማግስቱ ጠዋት ቶኪኤ በሩን አንኳኳች።

«ፖስታ ቤት እየሄድኩ ነው። የአዲስ ዓመት ካርዶችሽን አምጪ፣ አብሬ ላስገባልሽ።»

«ዘንድሮ አልልክም።»

«ምነው? የማይልክ እኮ ሐዘንተኛ ነው።»

«እኔም ሐዘን ላይ ነኝ።»

«አንቺ? ማን አለሽና ነው የሞተብሽ?»

ቺዙሩ ጠረጴዛው ላይ ሳይቆረስ ያደረውን ኬክ ዞር ብላ አየችው።

«ባለቤቴ» አለች።

ቶኪኤ አልሳቀችም። ጫማዋን አውልቃ ገባችና አጠገቧ ተቀመጠች።