ከጣሪያው የወረደው ንስር

በዚህ ሰፈር ከእኔ በፊት የበረረ ሰው የለም፤ ከእኔ በኋላም አይኖርም። የሰፈራችን አዳራሽ ሕንፃ ሦስት ፎቅ ነው የሚሉ አሉ፤ እነሱ ከታች ሆነው ነው የቆጠሩት። እኔ ከላይ ሆኜ አይቼዋለሁ፤ ደመናው ካልሲዬን እያረጠበው።

የሰፈሩ ሰው በእጁ የሠራውን ልብስ ለብሶ፣ አንዱ ዓሣ ሌላው ዛፍ ሆኖ የሚሰለፍበት ቀን ቀርቦ ለጨርቅና ለሽቦ የሚሆን ገንዘብ ጠፋ። ስብሰባው ላይ ሁሉም አንገቱን ሲደፋ እኔ ተነሣሁ። «የንስር ልብስ ለብሼ ከአዳራሹ ጣሪያ በገመድ እወርዳለሁ። ማየት የፈለገ ይክፈል!» ጭብጨባው ግድግዳ ሰነጠቀ። ያላጨበጨበችው ባለቤቴ ብቻ ናት።

«አምፖል ለመቀየር ወንበር ላይ ስትወጣ ያዢኝ ያዢኝ የምትለው ሰውዬ?» አለችኝ።

ቢሆንም ሰፋችው። ልብስ ሰፊ ናት፤ አሮጌ መጋረጃ ሸንሽና አንድ ሚሊዮን ላባ አወጣችለት። የእሷ አሠራር፣ ማንኛውንም ነገር አስቀድማ በረጃጅም ስፌት ለጊዜው ታያይዛለች፤ ልኩን አይታ ነው በመኪና የምትደግመው። ጅራቱ ገና አልተደገመም። በሰልፉ ቀን ከኋላዬ የሚሄድ ሰው ከፍ አድርጎ እንዲይዘው ቀለበት አለው። ለገመዱ ግን ከላባው ሥር ወፍራም ቀበቶ ታጥቄያለሁ።

«ገመዱ ቀበቶው ላይ! ሰማኸኝ? ቀበቶው ላይ!» እያለች ሸኘችኝ።

ጣሪያው ላይ ገመዱን ያሰረልኝ ጓደኛዬ ነው፤ ሥራው ቆርቆሮ መምታት ነው። ታች የዓለም ሕዝብ ተሰብስቧል። እኔ ክንፌን ሳርገበግብ እሱ ከኋላዬ ላባውን ይበረብራል።

«ገመዱ የሚታሰርበት ቀለበት ይሄ ነው?»

«እሱ ነው፣ እሱ ነው! ፍጠን፣ ሕዝብ እየጠበቀኝ ነው!» ዞር ብዬ እንኳ አላየሁም።

ጠርዙን እንደለቀቅኩ አፍንጫዬ ወደ መሬት ተደፋ። በወገቤ መንጠልጠል ሲገባኝ በመቀመጫዬ ተንጠለጠልኩ። ያኔ ገባኝ፤ ገመዱ የታሰረው የጅራቱ ቀለበት ላይ ነው። ወዲያው ከኋላዬ ጠቅ አለ። ክር ነው። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ጠቅ።

ገመዱን እንዳልይዝ እጆቼ ክንፉ ውስጥ ታስረዋል። ላቤ ወደ ዓይኔ ወረደ። ከታች ያለው የድንጋይ ንጣፍ እያንዳንዱ ስንጥቁ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል።

«ኧረ በእናታችሁ! ኧረ የሰው ያለህ!»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። «አቤት ትወና!» አለ አንዱ። በጮህኩ ቁጥር መዋጮው ጣሳ ውስጥ ይንኳኳል። ዝም ስል ደግሞ ክሩ ይሰማኛል። ጠቅ።

«ጎበዝ፣ አንበሳ!» ይላል ጓደኛዬ ከላይ፣ ገመዱን እየለቀቀ።

«ንስር ነኝ፣ አንተ ደነዝ! ሳብ!»

እሱም ሳቀ። የባለቤቴ ድምፅ ነው ሳቁን የሰነጠቀው፤ «ገመዱን ያዝ! እንዳትለቅ!» ጓደኛዬ ደንግጦ ያዘ። እሷ ወደ ሕንፃው ስትሮጥ አየኋት። ከዚያ አጠገቤ ያለው የሁለተኛው ፎቅ መስኮት በረገድ አለ።

«አትንፈራገጥ!»

«እየሞትኩ ነው እኮ!»

«ሳትንቀሳቀስ ሙት!»

እስከ ወገቧ ወጣች፤ የአዳራሹ ዘበኛ ከኋላ ቀሚሷን ይዟል። ስንት ቀን ዓይኗን ያፈሰሰችበትን የደረት ላባ በሁለት እጇ ቦጨቀችው፤ እጇን ሰዳ ቀበቶዬን ጨብጣ ወደ መስኮቱ ሳበችኝ። የቀረው ክር በአንዴ ተተረተረ። ጅራቱ ገመዱ ላይ ብቻውን ሲወዛወዝ ቀረ።

ታች ሳቁ ቆመ። እኔ የሁለት በሬ ክብደት ያለኝ ሰው፣ ደረቴ መስኮቱ ደፍ ላይ፣ እግሬ አየር ላይ። ዓይኗን አየሁት፤ እንደዚያ ፈርታ አይቻት አላውቅም። እሷና ዘበኛው ጎትተው ወለሉ ላይ ጣሉኝ።

«በቃ ልቀቂኝ፤ ተረፍኩ» አልኳት።

«እምቢ አለኝ» አለች። ጣቶቿ ቀበቶው ላይ ደርቀው ቀርተዋል። ዘበኛው ሊያላቅቃቸው ሞክሮ ተወው።

ከታች ጭብጨባ ፈነዳ። «ይደገም! ይደገም!» ጣሳው ሞልቶ ሌላ አመጡ፤ ሰልፉ ጨርቁንም ሽቦውንም አገኘ። እኔ ግን እጆቼን ከክንፉ አውጥቼ ወለሉን ሙጭጭ አድርጌ ያዝኩ። እሷ ናት ቀበቶዬን እንደያዘች በመስኮቱ ብቅ ብላ «አበቃ! ወደየቤታችሁ!» ያለቻቸው።

ደረጃውን አብረን ወረድን፤ እኔ ግድግዳውን እንደያዝኩ፣ እሷ ቀበቶዬን።