የሹፌሩ ማባያ

«የቃሪያውን ፍሬ አውጣው እንጂ! እንዳለ እንዳትከተው!» አለች ሚስቱ ከሳሎን።

ሹፌሩ ግን ከትፎ ጨርሷል። ስድስት ቃሪያ ከነፍሬው መክተፊያው ላይ ተዘርግቶ ዓይኑን ያቃጥለዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት አገር አቋራጭ አውቶቡስ የነዳ ሰው ቃሪያ መክተፍ ያቅተዋል ቢባል ማን ያምናል?

«አውጥቻለሁ!» ብሎ ዋሸ፤ መክተፊያውን እንዳለ ጎድጓዳ ሳህኑ ውስጥ ገለበጠው።

ከሰባት ወር በፊት የያዛት ጉንፋን ሲለቃት ሽታና ጣዕም የሚባለውን ነገር ጠራርጎ ይዞባት ሄደ። «ሁሉ ነገር ወረቀት ወረቀት ይለኛል» ትላለች። መጀመሪያ ሰሞን ቀለዱበት። «ተመስገን፣ ካልሲህ አይሸተኝም» ብላዋለች። ከዚያ ቁርስ ቀረ፤ ከዚያ እራት። ቀሚሷ መስቀያ ላይ የዋለ ይመስል ትከሻዋ ላይ ተንጠለጠለ። ትናንት ሐኪሙ ሚዛን ላይ አቁሟት፣ «እናቴ፣ ከዚህ በታች ከወረዱ አስተኝቼ በቱቦ ነው የማበላዎት» አላት። ቤት እስኪደርሱ ቻለችው፤ በሩ ሲዘጋ አለቀሰች። ሹፌሩ ከዚያ በኋላ የሚይዝ የሚጨብጠው ጠፋው።

ዛሬ ጠዋት፣ «ምን ልሥራልሽ?» አላት።

«ምንም።»

«እሺ ምን ትዝ ይልሻል?»

«የመንገድህ ማባያ» አለች። ሐሳቧን ሳትቀይር ብሎ ጫማውን በቅጡ ሳያስር አቮካዶ ሊገዛ ሮጠ።

አሁን አቮካዶውን በሹካ ይደፈጥጣል። ሁለቱ እንደ ቅቤ ለስላሳ ናቸው፤ ሦስተኛው እምቢ አለ።

«ምንድን ነው የሚንኳኳው?» አለች።

«አንዱ አልበሰለም። ጎማ ነው የሚመስለው።»

«እሱን ለአውቶቡስህ መለዋወጫ አስቀምጠዋ!»

ሳቀ። መቀለዷን ከሰማ ስንት ጊዜው! ነጭ ሽንኩርቱን ወቅጦ ጨመረ፤ ሁለት ሎሚ እስከ መጨረሻው ጠብታ ጨመቀበት። እሷም እንዲህ ነበር የምትሠራው። ጉዞ ባለው ቀን ማለዳ ተነስታ፣ ክዳን ያለው ቆርቆሮ ሞልታ፣ ሁለት ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ በር ላይ ትሰጠዋለች። አንዲት ቀን አላስተጓጎለችም። ተኮራርፈው ያደሩ ዕለት እንኳ ፊቷን አዙራ ቆርቆሮውን ታቀብለዋለች።

የሚከፍተው ከትልቁ ድልድይ በኋላ፣ ያ ማለቂያ የሌለው ሜዳ ሲጀምር ነው። ፀሐይ መስታወቱን ታነደዋለች፣ ተሳፋሪው ያንኮራፋል፣ የሹፌሩም ዓይን ይከብዳል። ቀጥ ያለ መንገድ የመሰለ ጠላት የለም። መኪናውን ዳር ያዝ አድርጎ፣ ከላይ ጠቆር ያለውን የማባያውን ፊት በዳቦ ገለጥ አድርጎ አንዴ ሲጎርስ ከግንባሩ እስከ ጆሮው ይነድዳል። እንባው ዱብ ዱብ ይላል።

«ሹፌር፣ ምነው? ቤት ናፈቀህ እንዴ?» ይለዋል ረዳቱ።

«ቃሪያው ነው፣ አንተ!»

ቃሪያው ነበር። ቤትም ነበር። አዲስ ሙሽራ ሳለ፣ ኋላም ልጆቹ ጥርስ ሲያበቅሉ እሱ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ሳለ፣ ሰው ፊት ማልቀስ የሚችለው ያንን ቆርቆሮ ከፍቶ ብቻ ነበር። ሲመለስ፣ «ማባያው እንዴት ነበር?» ትለዋለች። «ግሩም! እጅሽ ይባረክ» ይላታል። መጀመሪያ እንዲያ አላት፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ መልስ ኖሮት አያውቅም።

ሳህኑንና ዳቦውን ይዞ ሳሎን ገባ። ሚስቱ ብርድ ልብስ ደርባ ተቀምጣለች። ቁራሽ አጥቅሳ ጎረሰች። አላመጠች።

«እ?»

«ምንም የለውም» አለች ቀስ ብላ።

ሹፌሩ ሳህኑን ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ ድንገት ሳል ያዛት። ፊቷ ቀላ፣ አፍንጫዋ ፈሰሰ፣ እንባዋ ወረደ።

«ውሃ ላምጣ!»

«ቆይ! አታምጣ!» ብላ ክንዱን ጨመደደችው። «አቃጠለኝ! አቃጠለኝ እኮ! አንተ ዋሾ፣ ፍሬውን መቼ አወጣኸው?»

እየሳቀች ታለቅሳለች። ደግማ አጠቀሰች። ሠለሰች። ሹፌሩ ትንፋሹን ይዞ ጉርሻዋን ይቆጥራል።

«ለጣዕም ይመስልህ ነበር እንዲያ የማቃጥልልህ?» አለች አፏን እየጠረገች። «እንቅልፍ ወስዶህ ገደል እንዳትገባብኝ ነበር።»

ይህን ሰምቶ አያውቅም።

ከዚያ ዳቦውን አፏ አጠገብ አድርሳ ቆም አለች። «ጣዕሙስ? እንዴት ነው?»

«ግሩም ነው!»

ዳቦውን ሳህኑ ላይ መለሰችው።

«አትሸውደኝ። እኔ ማቃጠሉ እንጂ ሌላው አይደርሰኝም። እንግዲህ የምበላውን የምትቀምስልኝ አንተ ነህ። አንተም ከዋሸኸኝ ምኑን አምኜ ልጉረስ?»

ሹፌሩ ቁራሽ አጥቅሶ ጎረሰ፤ ዕድሜውን ሙሉ ቶሎ ይውጠው የነበረውን ዛሬ ቀስ ብሎ አላመጠው። ግሩም ማለት እንዴት ይቀላል! ቢያስቀይማትስ? ሳህኑን ገፋ አድርጋ ብትተወውስ? ግማሹ ገና አልተበላም።

«ጨው ያንሰዋል» አለ በመጨረሻ። «ሎሚውም በዝቷል።»

«የራስህ ሥራ ነዋ።»

«እንዳንቺው ነው የሠራሁት። ድሮም ይበዛ ነበር። ጥርሴ እስኪጠርስ ድረስ።»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ?»

«ሠላሳ አንድ።»

ትክ ብላ አየችው። ምነው ምላሴን በቆረጠው፣ አለ በሆዱ። እሷ ግን ብርድ ልብሱን ከላይዋ ገፈፈችና ነጠላ ጫማዋን በእግሯ ትፈልግ ጀመር።

«ወዴት ነው?»

«ጨው ላመጣ።»

«እኔ አመጣዋለሁ፣ አንቺ...»

«ተቀመጥ! አንተማ እንደ ሎሚው ትደፋበታለህ።»

ሳህኑን አንስታ፣ በሌላ እጇ ግድግዳውን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። የጨው ዕቃው ክዳን ሲከፈት፣ ማንኪያው ሳህኑን ሲያማስል ተሰማ።

«ና ቅመስልኝ!» አለች ከዚያው ሆና። «አላማረም ካልክም በላዩ ሌላ እሠራለሁ።»

ሹፌሩ እንባውን በእጅጌው ጠርጎ ሊቀምስላት ተነሳ።