ለንጉሠ ነገሥቱ ሁለት ሜትር

የታናሽ እህቴ ባል ጊንጥ ገዛ። ሰው ድመት ይገዛል፣ በቀቀን ይገዛል፤ እሱ ጊንጥ ገዛ። በቤተሰብ «ፕሮፌሰር» የምንለው አስተምሮ ስለሚያውቅ አይደለም። የሚሠራው መኪና መድን ቢሮ ነው። ግን ስለ አንድ ነገር ሁለት ገጽ ካነበበ በሦስተኛው ቀን ለባለሙያው ማስረዳት ይጀምራል። የጥርስ ሐኪሙን ስለ ጥርስ ሲመክር በዓይኔ አይቻለሁ፤ አፉን ከፍቶ ተኝቶ ነው የሚመክረው።

እኔ መስታወት ቆራጭ ነኝ። ስለዚህ ስልኩ የተደወለው ለእኔ ነው።

«ቤት ሥራልኝ» አለኝ።

«ለማን?»

«ለጊንጡ። ሁለት ሜትር በሰማንያ፤ ቁመቱ አንድ ሜትር።»

ሳቄ አመለጠኝ። ጊንጡን የሸጠችለት ሴትዮ የሰጠችውን ወረቀት አሳይቶኝ ነበር። ቁልጭ ብሎ ተጽፎበታል፦ ሳጥኑ ርዝመቱ የጊንጡን ሦስት አራት እጥፍ፣ ወርዱ ሁለት እጥፍ፣ ቁመቱም ወጥቶ እንዳይወድቅ ዝቅ ያለ ይሁን። ጊንጡ ከነጅራቱ አሥራ አምስት ሴንቲ ነው። ስልሳ በሠላሳ ማለት ነው፤ መደርደሪያ ላይ ቁጭ የምትል ሳጥን።

«ይሄ እኮ ተራ ጊንጥ አይደለም» አለኝ ኮስተር ብሎ። «ዝርያው ንጉሠ ነገሥት ጊንጥ ነው የሚባለው። አንተ ለንጉሠ ነገሥት ስልሳ ሴንቲ ትሰጣለህ?»

እዚህ ላይ የእኔም ጥፋት አለበት፤ አልክድም። ስልሳ በሠላሳ ማንም ለማጅ ይቆርጠዋል። ሁለት ሜትር ወጥ መስታወት ሲባል ግን እጄን ይበላኝ ጀመር።

«የት ነው የሚቀመጠው?» አልኩት።

«እማማ ክፍል። ፀሐይ በቀጥታ አይመታውም፤ ግን ይሞቃል። ልክ እሱ የሚፈልገው ዓይነት ነው።»

እማማ የሚላት እናቴን ነው። ጉልበቷ ደረጃ እምቢ ካላት ወዲህ እነሱ ጋር ነው የምትኖረው። ክፍሏ መስኮት አለው፤ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ከጎረቤቷ ጋር ወሬ ስትሰልቅ ነው የምትውለው።

«እሷስ?»

«ከኩሽናው ጀርባ ያለውን ዕቃ ቤት አጽድተንላቸዋል። አንድ አልጋ በደንብ ይገባል። ለጊዜው ነው፣ ወንድሜ።»

ለጊንጡ የሚበቃውን ለማወቅ ሰውየው አንድ ሳምንት አነበበ። ለእናቴ የሚበቃትን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው። ይሄንን እያሰብኩ፣ እየተናደድኩም፣ ሜትሬን ይዤ ሄድኩ።

መስታወቱ ትልቅ ስለሆነ ያጣበቅኩት እዚያው ክፍሉ ውስጥ ነው። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሲያልቅ ወደ ኋላ አፈግፍጌ አየሁት፤ ሲሊኮኑ ላይ አንድ አረፋ የለም፣ ጠርዙ እንደ ውሃ ለስልሷል። ከዚያ በሩን አየሁ። የበሩ ወርድ ሰባ ሴንቲ ነው። ሃያ ዓመት የሠራሁ ሰውዬ በር መለካት ረሳሁ! ድምፄን አጠፋሁ። እናቴ ብቻ ገባ ብላ «ይሄ ደግሞ በየት በኩል ይወጣል?» አለች።

«ለምን ብሎ ይወጣል?» አላት ፕሮፌሰሩ።

ጊንጡ ገባ። አሸዋው፣ ቋጥኙ፣ ቅርንጫፉ፣ ቀይ መብራቱ ምን ቅጡ! ጎረቤት ተጠራ። ሁሉም አንገቱን አስግጎ ፈለገ፤ ንጉሠ ነገሥቱን ያየ ሰው ግን አልነበረም። ጥግ ላይ ቅርፊት ሥር እንደተወሸቀ ሳምንታት አለፉ። ፌንጣ ይጣልለታል፤ ፌንጣው ሁለት ሜትር ሜዳ ላይ ሲቦርቅ ይውላል፣ ጊንጡ አይደርስበትም። አንድ ቀን ቅርንጫፉ ላይ ወጥቶ ወደቀና ተዘርሮ ቀረ። «እያሰላሰለ ነው» አለ ፕሮፌሰሩ።

ዕቃ ቤቱ መስኮት የለውም። እናቴ በጠራራ ፀሐይ መብራት ታበራለች፤ ደግሞ «መብራት ፈጀች» እንዳትባል ታጠፋዋለች።

ጊንጡ ከስቶ ጅራቱን ማንሣት ሲያቅተው ሻጯ ተጠራች። መስታወቱን ስታይ አፏን በእጇ ያዘች።

«ይሄን ማን ነው የመከራችሁ?»

ፕሮፌሰሩ እኔን አየ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«ጊንጥ ሜዳ ምን ያደርግለታል? እሱ የሚወደው ጠባብና ጨለማ ነው። በረሃብ ልትጨርሱት ነበር እኮ!» አለችና ይዛው በመጣችው ስልሳ በሠላሳ ሳጥን ከታ ሳሎን መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። ከሰዓት በኋላ ጊንጡ ፌንጣውን ቀጨም አደረገው።

ደስ አለኝ። «በል እንግዲህ» አልኩት ፕሮፌሰሩን፣ «ነገ መጥቼ ሲሊኮኑን በምላጭ እቀደዋለሁ። መስታወቱ ተፈታትቶ ይወጣል፣ እማዬም ክፍሏ ትመለሳለች።»

«እንዲህ ያማረ ሥራ ይፈርሳል?» አለኝ። «ዓሣ አስገባበታለሁ፤ ማንበብም ጀምሬያለሁ። ደግሞ እማማ እኮ ዕቃ ቤቱን ለምደውታል።»

ደሜ ፈላ። «አንተ ደግሞ ሰው ተብለህ! ለጊንጥ ስትለካ ከርመህ ለእናቴ አንድ ቀን ለክተህ ታውቃለህ? ጠባብና ጨለማ የሚወደው ጊንጡ ነው የተባልከው! እሷ አይደለችም!» ልክ ልኩን ነገርኩት። እህቴ ማልቀስ ጀመረች። እኔም፣ እውነቱን ልናገርና፣ በራሴ ኮራሁ።

ፕሮፌሰሩ አልተቆጣም።

«አንተ ቤት ስንት ክፍል አለ?» አለኝ ረጋ ብሎ።

እናቴ ጩኸቱን ሰምታ ወጥታ ኖሮ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። እንደ ልጅ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

የምኖረው ብቻዬን ነው። ቤቴ ምድር ላይ ነው፤ አንድ ደረጃ እንኳ የለውም።

«ሦስት» አልኩ። «ግን አንደኛው… መስታወት ነው የተደረደረበት። አንደኛው ደግሞ ዕቃ…»

«እሱስ እውነትህን ነው» አለች እናቴ። አሽሙር አልነበረም፤ ከልቧ ነው። «መስታወት ሰው ካለበት ጋር አይሆንም። ሊሰበርብህ ይችላል፣ ልጄ።»

ግድግዳውን ተደግፋ ወደ ዕቃ ቤቱ ተመለሰች። ማናችንም አልተከተልናትም።