ፈዋሿ ጥሩአየሁ

ዘሚራ መልእክቱን ያነበበችው ከላከችው በኋላ ነው። «ጥሩአየሁ እኮ አሥር ጊዜ ሞታብኝ አሥር ጊዜ አስነሥቻታለሁ፤ ታዲያ ምን ሆነች?» ይላል። ከሥሩ የሚስቁ ፊቶች ተደረደሩ። ልታጠፋው ጣቷን ስታስጠጋ አንዲት አጭር መስመር ብቅ አለች፤ ወይንእሸት አለበል ከግሩፑ ወጥታለች።

ሞጣ ባለው ሱቋ፣ ከባንኮኒው ማዶ ስልክ ሊገዙ የመጡ አንድ ሽማግሌ ባትሪው ስንት ቀን እንደሚቆይ ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቋት።

«ሦስት ቀን» አለች።

«ቅድም አራት ብለሽኝ ነበር እኮ።»

«አራት ነው አባባ፤ ይቅርታ።» ስልኩን ካርቶኑ ውስጥ ገልብጣ ከተተችው።

ለማያውቅ ሰው ይህ ሁሉ ጉዳይ አይመስልም። በቴሌግራም ግሩፑ ውስጥ ሁለት መቶ ያህል ሰው አለ፤ ከሞጣ፣ ከቢቸና፣ ከሉማሜ፣ ከየጁቤ። አስተማሪ አለ፣ ነርስ አለ፣ ባጃጅ ነጂ አለ። ያገናኛቸው አርፒጂ የሚባለው የጌም ዓይነት ነው፤ ኳስ ወይም የመኪና እሽቅድምድም ሳይሆን ሰዎችን ራስህ ሰይመህ፣ አልብሰህ፣ አስታጥቀህ ረጅም ታሪክ ውስጥ ይዘሃቸው የምትዞርበት። ይህን የሚወድ ሰው ከመጫወቱ መከራከሩ ይበልጣል። ውጊያው ተራ በተራ ይሁን ወይስ እጁ የፈጠነ ይቅደም? ካርታው ይስፋ ወይስ ታሪኩ ይጥለቅ? ክርክሩን ላየው፣ ጌሙን የሚሠሩት ሰዎች ቢቸና መናኸሪያ ተቀምጠው ውሳኔያቸውን የሚጠባበቁ ይመስላል።

ሰሞኑን ያፋጃቸው አንድ ጥያቄ ነው። «ሰባቱ በሮች» የሚሉት ጌም አዲስ ክፍል ሊወጣለት ነው ተባለ። እስካሁን ባለው፣ አብሮህ የሚዘምት ሰው ቢሞትብህ ቀደም ሲል ሴቭ ካደረግህበት፣ ማለትም ጨዋታውን ካስቀመጥህበት ቦታ መልሰህ ትከፍትና ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሣል። በአዲሱም እንዲህ ይሁን ወይስ የሞተ እንደ ሞተ ይቅር? ዘሚራ «ይነሣ» ባይ ናት፤ ጌም እኮ ነው። ወይንእሸት ግን «የሞተ የሚመለስበት ታሪክ ታሪክ አይደለም። እንደማይመለስ ካላወቅን በሕይወት እያለ መቼ እናየዋለን?» ብላ ጻፈች። ሁለቱ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲመላለሱ ግሩፑ ለሁለት ተከፍሎ ያጨበጭብ ነበር።

ከሚያጨበጭቡት መካከል ጥሩአየሁ ማን እንደሆነች የሚያውቅ አልነበረም። የጌሙ ጥሩአየሁ ቁስለኛ የምታድን ፈዋሽ ናት። እውነተኛዋ ጥሩአየሁ ግን የወይንእሸት እናት ነበሩ።

ዘሚራና ወይንእሸት ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ሲማሩ በአንድ ዶርም፣ በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ይጫወቱ ነበር። ጣቷ ፈጣን ስለሆነ የምትዋጋው ዘሚራ ናት፤ ታሪኩን እያነበበች የምትወስነው ወይንእሸት። እትዬ ጥሩአየሁ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከቢቸና በመጡ ቁጥር ድፎ ዳቦውን ለሁለቱም እኩል ይቆርሱ ነበር። አንድ ጊዜ ዘሚራ ጉንፋን አጣድፏት ሲያገኟት ከየት እንዳመጡት ያልታወቀ ዳማከሴ ጨምቀው አጠጧት፤ ፊቷን እስክታጨማድድ ቆመው ጠበቁ። ፈዋሿ በዚያ ሳምንት በስማቸው ተሰየመች። በሚቀጥለው ሲመጡ ነጭ ቀሚስ የለበሰችውን ትንሽ ሴት ስክሪኑ ላይ አሳዩዋቸው።

«እኔ ነኝ ይቺ? ኧረ ጫማ እንኳ የላትም!» ብለው እስኪያለቅሱ ሳቁ።

ዘሚራ በዚያው ቀን በጌሙ ገበያ ቀይ ጫማ ገዛችላት።

እትዬ ጥሩአየሁ ባለፈው ዓመት ክረምት ሞቱ፤ ኔትወርክ ጠፍቶ፣ መንገድም ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ። ዘሚራ የሰማችው በአራተኛው ወር ነው። መሄድ ነበረባት፤ አልሄደችም። መጀመሪያ ሱቁን ማን ይጠብቃል አለች፤ ከዚያ ዘገየሁ ብላ አፈረች፤ ስታፍር ደግሞ ይብስ ዘገየች። ሁለት መስመር ጽፋ ላከች፤ «ነፍስ ይማር። ፈጣሪ ያጽናሽ።» ወይንእሸትም «አሜን» ብላ መለሰች። ከዚያ ወዲህ የተነጋገሩት ስለ ጌም ብቻ ነው፤ ስለ ጌም መጣላት ይቀላልና።

ስልኳ ጠራ። የግሩፑ አስተዳዳሪ ባንተአምላክ ነው፤ ሉማሜ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ነርስ።

«ዘሚ፣ ምን ብለሻት ነው ልጅቱን?»

«ያየኸውን ነው።»

«በጌም እንዲህ ይኮረፋል እንዴ? ካስፈለገ ሽማግሌ እንልካለን። እኔ አለሁ፤ ከየጁቤም ሁለት ልጆች ይጨመራሉ። ጋቢ ለብሰን እንሄዳለን!»

«ባንተ፣ የጌም ነገር አይደለም።»

«ታዲያ የምንድን ነው?»

«ቆይ እደውልልሃለሁ» ብላ ዘጋችው።

እናቷ ወይዘሮ ዘይዳ በሱቁ ጥግ ቻርጀር እየጠቀለሉ ነበር። የባንተአምላክ ድምፅ እሳቸው ጋ ድረስ ይሰማ ነበር።

«ማን ናት ያኮረፈችው?»

«ወይንእሸት።»

«የጥሩአየሁ ልጅ? ገና ሐዘኗ ያልወጣላት ልጅ! ለቅሶ ስትደርሺ ደህና ተለያየን አላልሽኝም?»

ዘሚራ ባንኮኒውን በእጅጌዋ መጥረግ ጀመረች። መርዶውን በሰማች ሰሞን ለወረቀት ጉዳይ ማርቆስ ስትሄድ እናቷ «ቢቸና ወርደሽ ለቅሶ ትደርሻለሽ» ብለው ስኳር አስይዘዋት ነበር። በቢቸና በኩል ስትሄድም ስትመለስም አለፈች፤ ከመኪናው ግን አልወረደችም። ቤት ስትገባ «ደርሻለሁ» አለች።

«እማ፣ አልደረስኩም።»

«ምን አልሽ?»

«ዋሽቼሽ ነው። አልደረስኩም።»

ወይዘሮ ዘይዳ ቻርጀሩን አስቀመጡ። «ስኳሩስ?»

«ማርቆስ ላረፍኩባት ሴትዮ ሰጠኋት።»

«አላህ ይቅር ይበልሽ። ተነሺ። የቀኑ መኪና ሳይወጣ።»

«እማ፣ ዓመት አልፎ እኮ...»

«ዓመት ያለፈው ለቀበሯት ነው። አንቺ መቼ ደረስሽና ነው ያለፈሽ?» ከመደርደሪያው ስኳር አወረዱ፤ የራሳቸውን ጥቁር ሻሽም ከአንገታቸው ፈትተው ሰጧት። ዘሚራ ከጓዳ አሮጌውን ላፕቶፕ ስታወጣ «ይህ ደግሞ ለምንሽ ነው?» ሊሉ አሰቡና ተዉት።

ሚኒባሱ ጉንደወይንን አልፎ ደብረ ወርቅ እስኪደርስ በመንገዱ ግራና ቀኝ የደረሰ ጤፍ ነበር። ዘሚራ ስኳሩን ከእግሯ ሥር፣ ላፕቶፑን ከጭኗ ላይ አድርጋ የምትለውን ታጠናለች። ዘግይቶ ለቅሶ የሚደርስ ሰው የሚለው የታወቀ ነው፤ «አልሰማሁም ነበር» ይላል። ማንም አይጠይቀውም። እሷም ይህንኑ ለማለት ቆርጣ ቢቸና ወረደች።

በሩ አረንጓዴ ቆርቆሮ ነው፤ ተማሪ ሳለች ሁለት ጊዜ መጥታበታለች። ልታንኳኳ እጇን አነሣች። ያን ጊዜ ከደጅ ሆና «እትዬ ጥሩአየሁ!» ብላ ትጣራ እንደነበር ትዝ አላት፤ ከውስጥ «አቤት የሞጣዋ!» የሚል ድምፅ ይመልስ ነበር። ሳታስበው ያንኑ ጠራች።

«እትዬ ጥሩአየሁ!»

መልስ የለም። ዓመት ሙሉ ያልወጣላት እንባ ያን ጊዜ ወጣ። ቆርቆሮውን ይዛ ጮኻ አለቀሰች፤ «እትዬን! እናቴን!» ስትል ጎረቤት ከየበሩ ብቅ ብቅ አለ።

በሩን የከፈቱት አባትየው ጋሼ አለበል ናቸው። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁት እዚያው በሩ ላይ ቆመው ነው።

«ዘሚራ? የሞጣዋ ልጄ?»

«ጋሼ...» የተዘጋጀው ቃል አፏ ላይ ነበር። እያዩዋት ግን መዋሸት አቃታት። «ጋሼ፣ ሰምቼ ነበር። ሰምቼ ነው የቀረሁት። አፈርኩ።»

ሽማግሌው እጇን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቧትና አጠገባቸው አስቀመጧት።

«መጣሽ አይደል። በይ እንግዲህ ልንገርሽ» አሉ፤ አዲስ ለደረሰ ሁሉ እንደሚደረገው ሕመሙን ከመጀመሪያው ጀምረው ነገሯት። ጥሩአየሁ በመጀመሪያው ቀን ብርድ ነው ማለቷን፤ መኪና መጥፋቱን፤ በቃሬዛ እስከ ጤና ጣቢያ ወስደዋት መመለሳቸውን። «በስምንተኛው ቀን ዳማከሴ ጨምቁልኝ አለች። ሰውን ስታጠጣ ኖራ ለራሷ ስትጠይቅ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በማግሥቱ ሄደች።»

ወይንእሸት ከሥራ ተመልሳ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ፍርድ ቤቱ አጠገብ አቤቱታ የምትተይብበት ቤት ቁልፍ እጇ ላይ ነው። ስትመጣ ማንም አላያትም።

«አባዬ፣ ቅድም ወሬ ሰምቼ ነው የመጣሁት። ቤታችሁ ይለቀሳል አሉኝ» አለች። ወደ ዘሚራ ግን አልቀረበችም።

ዘሚራ ተነሣች። «ወይኒ፣ ስሙ የእሳቸው መሆኑ ጠፍቶብኝ ነው። ክርክሩ ይዞኝ ጻፍኩት።»

«ጠፍቶብሽ እንደሆነ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ይቅር በይኝ።»

«አንቺ አሥር ጊዜ አስነሣሻት። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ አንድ ጊዜ እንኳ አልቻልኩም። ሁለት መቶ ሰው ሲስቅ... ቀናሁብሽ መሰለኝ፣ ዘሚ። በጌም ቀናሁብሽ።» ቁልፉን አስቀመጠችና እንደ ልጅ ማልቀስ ጀመረች። ዘሚራ ሄዳ አቀፈቻት። ጋሼ አለበል «ተዉ በቃ፣ በቃ» እያሉ ራሳቸውም በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር።

ሽሮ ቀረበ። በግድ በሉ። ወይንእሸት ግድግዳው ጥግ የተቀመጠውን ጥቁር የላፕቶፕ ቦርሳ ያየችው እጇን ስትታጠብ ነው።

«እሱ ነው?»

«እሱ ነው። ባትሪው አልቆለታል፤ ያለ ሶኬት አይነሣም።»

ሰክተው ከፈቱት። የላፕቶፑ ማራገቢያ እንደ ድሮው እየጮኸ ነበር። የመጨረሻው ሴቭ ሲከፈት አራት ሰዎች አንድ ትልቅ በር ፊት ለፊት ቆመዋል፤ ከኋላ ነጭ ቀሚስና ቀይ ጫማ ያደረገች ሴት አለች። ወይንእሸት አፏን በእጇ ሸፈነች።

«ሰባተኛው በር። እስከዛሬ አላለፍሽውም?»

«ከገባን ሁልጊዜ እሷ ትሞታለች። ሦስቱ ያልፋሉ፤ እሷ አታልፍም። ስለዚህ እመልሳታለሁ፤ እንገባለን፤ ትሞታለች። እትዬ ማረፋቸውን ከሰማሁ ወዲህ ግን አልከፈትኩትም።»

ጋሼ አለበል መነጽራቸውን አድርገው ተጠጉ። «ይቺ ናት እንዴ? ጫማ የላትም ብላ የሳቀችባት?»

«በኋላ ገዛሁላት፣ ጋሼ።»

«ጎሽ።» ከዚያ በጣታቸው ወደ በሩ አመለከቱ። «እዚህ በር የግድ መግባት አለባት?»

ዘሚራና ወይንእሸት ተያዩ። ሁለት መቶ ሰው ሁለት ሳምንት ሙሉ ይነሣ፣ አይነሣ ሲባባል ይህን የጠየቀ አልነበረም።

«ወደ ኋላ መንደር አለ» አለች ወይንእሸት ቀስ ብላ። «ጓደኛ ትተሽ መሄድ የሚቻልበት። ምንጩ አጠገብ።»

«ያለ ፈዋሽ ሰባተኛው በር? ገና ከመግባታችን ነው የሚጨርሱን።»

«ይጨርሱና!»

ዘሚራ አራቱን ይዛ መንገዱን ወደ ኋላ ተመለሰች። ምንጩ ጋ ሲደርሱ ወይንእሸት «እዚህ አይሆንም፣ ፀሐይ ነው፤ ከዛፉ ሥር» አለች፤ ዘሚራም አዞረቻት። ትንሿ ሴት ከዛፉ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ቀይ ጫማ ያደረገ እግሯን አጥፋ። የቀሩት ሦስቱ መንገድ ጀመሩ።

ዘሚራ ሴቭ ልታደርግ ስትል ኮምፒውተሩ ሁለት ምርጫ ሰጣት፤ በአዲስ ቦታ ወይስ በአሮጌው ላይ። በአሮጌው ላይ ከተደረገ በሩ ፊት የቆመችው ጥሩአየሁ ትጠፋለች፤ ከዚያ ወዲያ መልሶ መክፈት የለም። ዘሚራ በሕይወቷ በአሮጌ ሴቭ ላይ ጽፋ አታውቅም፤ ዶርም ሳሉ ወይንእሸት በዚህ ትስቅባት ነበር።

«በአዲስ አድርጊው፤ አሮጌውን ተይው» አለቻት ወይንእሸት፤ ለእሷ አዝና።

ዘሚራ ከዛፉ ሥር የተቀመጠችውን ሴት አንድ ጊዜ አየቻትና «በአሮጌው ላይ» የሚለውን ተጫነች።