ሁሉም የሳቁበት

ቪዲዮ ቤቱን ከከፈተ ጀምሮ የስንቱን ሠርግ ቆርጦ ቀጥሏል። የሚነገረውን ሁሉ ከምስሉ ሥር በጽሑፍ አስገባልኝ ያለችው ግን እህቱ ብቻ ናት። በልጅነቷ ታማ ከዳነች ወዲህ መስማት አትችልም። አፍ እያየች ትረዳለች፤ አፉን የሚያሳያት ሰው ከተገኘ ማለት ነው። ዘመድ አዝማዱ እንደሆነ ስቆ ስቆ ሲበቃው፣ «ምን ተባለ?» ስትለው «ኋላ እነግርሻለሁ» ይላታል። ያ ኋላ የሚባለው ነገር መጥቶ አያውቅም።

«ወንድምዓለም፣» አለችው የሠርጓን ዲስክ እየሰጠችው፣ «እማ የሆነ ነገር ተናግራ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። በምን እንደሳቅኩ ልወቅ። መቼም አንተ አትዋሸኝም።»

«ይቺማ ምን አላት!» ብሎ ሥራው ላይ ተቀመጠ። በዕለቱ እሱ እንግዳ ሲያስተናግድ ደጅ ደጁን ስለነበር ንግግሩን አልሰማም። የአጎታቸውን ረጅም ምክር ቃል በቃል ጻፈ፤ ዘፈን ሲመጣ «ሙዚቃ» አለ፣ ጭብጨባውን እንኳ አላለፈም። እናቱ ጋ ደረሰ። ማይኩን ይዛ፣ ለሙሽራዋ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ወደ እንግዶቹ ዞራለች።

«ሴት በወለደች ቀን ተገላገለች ትባላለች» ትላለች። «እኔ ግን ይቺን ልጅ የተገላገልኳት ዛሬ ነው!»

ከዚያ ሳቅ። ከኋላዋ ሙሽራዋ ሰዉን አየት አድርጋ እሷም ትስቃለች። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል። እናቱ ላይ ተናደደ፤ ተናዶም ደፍሮ አልጻፈውም። «ልጄን እግዜር ይባርክልኝ» ብሎ አስገባ። ፈሪ ሰው ፍርሃቱን ደግነት ነው የሚለው፤ እሱም እህቴን አዳንኳት ብሎ ደስ አለው።

እሁድ እናታቸው ቤት ተሰብስበው ዲስኩን ከፈቱት። ድምፁን መቀነስ ማን አስታውሶ! እናት የገዛ ድምጿን ስትሰማ ክው አለች። ወዲያው ከታች ያለውን ጽሑፍ አነበበችና ልጇን ቀና ብላ አየችው፤ ዓይኗ ተባረክ ይለዋል። እህት ደግሞ ዕድሜ ልኳን ያነበበችው የሰው ፊት ነው። ያቺ አስተያየት አላመለጠቻትም።

«እማ፣ በምርቃት ይሳቃል እንዴ?»

እናት ዓይኗን ወደ ቴሌቪዥኑ መለሰች።

«ያልሽው ይሄን ከሆነ ድገሚልኛ። አፍሽን ልየው።»

እናት አፏን ከፈተች። መልሳ ገጠመችውና ነጠላዋን አፏ ላይ ሳበች። ቴሌቪዥኑ ውስጥ እንግዶቹ ገና ይስቃሉ።

እህት ተነሥታ ዲስኩን አወጣችና ወንድሟ እጅ ላይ አስቀመጠችው።

«እሷስ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው፣» አለችው። «አንተ ግን ዓይኔ እያየ።»