ላልቶ ይነበብ

ከበቡሽ ቅዳሜም ቢሆን ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትነቃለች። የዚያን ዕለትም ተነሳች፤ ሻይ አፈላች፤ ሁለት ቁራሽ ዳቦ ጠብሳ መስኮቱ አጠገብ ቆማ በላች። ነሐሴ ነበር። ፀሐይ ሳትወጣ ጀምሮ የአየር ማቀዝቀዣው ያጓራል፤ ከታች ከመኪና ማቆሚያው የአስፋልት ሽታ ይመጣል። አንድ ሳህንና አንድ ብርጭቆ አጠበች። ለሳምንቱ ሥራ የሚሆኑ አምስት ሸሚዞች ተኮሰች። ስትጨርስ ሦስት ሰዓት ሆኖ ነበር። የመጽሐፍ ወዳጆች ማኅበሯ የሚሰበሰበው ስምንት ሰዓት ላይ ነው።

ቢጫ ወረቀቷን አወጣችና ከሰዓት በኋላ የምትናገረውን መጻፍ ጀመረች። «ይህ እኔና ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ደጋግመን ያነበብነው መጽሐፍ ነው» ብላ ጻፈች። መልሳ አየችው። «እኔና» የሚለውን ሰረዘች። ቃሉ ሲሰረዝ ግን ዓረፍተ ነገሩ ዕቃ የወጣበት ክፍል መሰለ። አዲስ ወረቀት ገልጣ «እኔና»ን እንደነበረ መልሳ ጻፈችው።

መጽሐፉን አላነበበችውም።

«አሥራ ሁለተኛው ጣቢያ» ይባላል። ደራሲው ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ትኬት ቆራጭ የነበረ፣ ከዚህ ሌላ መጽሐፍ ያልጻፈ፣ ዛሬ ስሙን የሚያነሳው የሌለ ሰው ነው። ሽፋኑ ስስ ነው፤ ወረቀቱ እንደ ጋዜጣ ይቀደዳል፤ ፊደሉ እዚህም እዚያም ተገልብጦ ታትሟል። ባሏ መንገሻ በሱዳን በኩል ከአገር ሲወጣ ቅያሪ ሱሪ እንኳ አልያዘም ነበር። ይህን መጽሐፍ ግን ከሸሚዙ ሥር ሸጉጦ እስከ ዳላስ አምጥቶታል። እዚህም የመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ ተቀምጦ በእረፍት ሰዓቱ ያነበው ነበር። «ትኬት ቆራጭ የጻፈውን ትኬት ተቀባይ ያነበዋል» እያለ በራሱ ይቀልዳል።

ከበቡሽ ከዩኒቨርሲቲ በቋንቋ የተመረቀች ናት። መንገሻ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አላለፈም። ይህን ልዩነት አንድም ቀን በአፏ አውጥታው አታውቅም፤ ሰው ፊትም እሱን ቀድማ አትናገርም ነበር። የትኬት ቆራጩን መጽሐፍ ግን አሥራ አራተኛው ገጽ ላይ ዘጋችው። መንገሻ ከሥራ ሲገባ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ «የት ደረስሽ?» ይላታል። «እየሄድኩ ነው» ትለዋለች። ወር አለፈ። አንድ ቀን ጥያቄው ቢሰለቻት የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች፤ ሃያ መስመር የማትሞላ ገጽ ናት፤ ያችን አንብባ ጠበቀችው።

«ጨረስኩት» አለችው።

«መጨረሻውስ?»

«ደስ ይላል። በበዓል ማለቁ። ሽማግሌው ‹ገና ነው› ሲላት።»

መንገሻ የጫማውን ማሰሪያ እየፈታ ነበር። እጁ ለጥቂት ጊዜ ማሰሪያው ላይ ቆመ። «አዎ» አለ። ከዚያ ወዲህ «የት ደረስሽ?» ብሏት አያውቅም። ከበቡሽም ተገላገልኩ አለች።

መንገሻ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። በሁለቱ ዓመት ውስጥ ስለ እሱ ለማንም አውርታ አታውቅም። ሲያጽናኗት «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ወሬ ትለውጣለች። ሰኔ ላይ ግን ጋሽ ንዋይ፣ የአውሮፕላን ማረፊያው ባለታክሲ፣ «መንገሻ ብብቱ ሥር የማትጠፋ አንዲት መጽሐፍ ነበረችው፤ እሷን ለምን አታመጪልንም?» አላት። ከበቡሽ ይህን ስትሰማ ስለ ባሏ ሳትናገር ስለ ባሏ የምትናገርበት መንገድ የተገኘ መሰላት። የማኅበሩ ደንብ ቀላል ነው። አንዱ ማንም የማያወራለትን አንድ ልብወለድ ያመጣል፤ ሌላው ወስዶ ወር ሙሉ ያነበዋል። ወሩ ሲሞላ ያመጣው ሰው መጽሐፉን ለምን እንደሚወደው ይናገራል፤ የተዋሰው ደግሞ የመረጠውን ገጽ ጮክ ብሎ ያነባል። ሐምሌ ላይ «አሥራ ሁለተኛው ጣቢያ»ን የወሰደችው የማኅበሩ አባል የታደለች ልጅ ሔራን ነበረች። ሔራን ዴንተን ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ እዚሁ ያደገች ልጅ ናት፤ አማርኛ የምታነበው በጣቷ እየተከተለች ነው። ከበቡሽ መጽሐፉ ለእሷ ሲደርስ ቅር አላላትም። እንዲያውም ቀለል አላት።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር፣ ታደለች ከምትኖርበት ሕንፃ ፊት መኪናዋን ፓርክ አድርጋ ደረጃውን ወጣች። ሰባት ሰው ነበር። ወንበር ስላልበቃ ሁለቱ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«ምሁሯ መጣች! በሉ ሶፋውን ልቀቁ» አለ ጋሽ ንዋይ።

«አንተ ልቀቅ እንጂ፤ ከጠዋት ጀምረህ የተደላደልክበት!» አለችው ታደለች ከወጥ ቤት።

ከበቡሽ ወረቀቷን አውጥታ አነበበች። ታላላቅ የሚባሉት መጻሕፍት ብዙ አንባቢ ስላላቸው የአንድ ሰው ፍቅር እንደማይታወቅባቸው፣ ያልታወቀ መጽሐፍ ግን አንድ ወዳጅ ካገኘ የዚያ ሰው አካል እንደሚሆን ተናገረች። «እኔና ባለቤቴ» ስትል ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ጋሽ ንዋይ ራሱን ነቀነቀ። ከበቡሽ ይህን አየችና ወደደችው።

ቀጥሎ ሔራን መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። «የመጨረሻውን ገጽ ነው የመረጥኩት፣ ኦኬ?» አለችና ጣቷን መስመሩ ላይ አኖረች።

«ነጭ ቀሚሷን ለበሰች። ፀጉሯን ተቀባች። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ሐዲዱን አየች። ሽማግሌው ጠባቂ ፋኖሱን ይዞ መጣ። ቆሞ ቀሚሷን አየ። ‹ገና ነው› አላት። እሷም ፈገግ አለች።»

ልጅቷ «ገና»ን አላልታ ነበር ያነበበችው።

«አጥብቂው የኔ ልጅ» አለች ከበቡሽ፣ በመምህር ለስላሳ ድምፅ። «‹ና› ይጠብቃል። በዓሉን ነው እኮ የሚላት።»

«አይ የዴንተን አማርኛ! በዓላችንን አላላሽብን!» አለ ጋሽ ንዋይ፤ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ከሁሉ አብልጣ የሳቀችው እናቷ ታደለች ነበረች። «ስንት ዓመት ሰንበት ትምህርት ቤት አመላልሻታለሁ መሰላችሁ! ቤንዚኔን ነው ያቃጠልኩት!» አለች ፊቷን በመዳፏ ሸፍና።

የሔራን ጆሮዎች ቀሉ። መጽሐፉን ልትዘጋ ብላ ተወችው።

«ሶሪ እትዬ ከበቡሽ፤ ግን… ማለቴ… ነሐሴ ነው እኮ።»

«ምኑ ነው ነሐሴ?» አለች ታደለች።

«ስቶሪው። ወንዙ ድልድዩን ወስዶት ነው ባቡሩ የማይመጣው። ሴትዮዋ ሁልጊዜ ‹ባቡሩ መጣ?› ትለዋለች፤ ሽማግሌው ‹ገና ነው› ይላታል። መጀመሪያ ገጽ ሠላሳ ላይ አለ። ከዚያ ስልሳ አንድ ላይ አለ። ካውንት አድርጌዋለሁ፣ አሥራ ሰባት ጊዜ ነው። መጨረሻ ላይ ግን አልጠየቀችውም። ሳትጠይቀው ነው የነገራት።» ልጅቷ ቀና አለች። «እኔ እዚህ ጋ አለቀስኩ።»

ሰባቱም ሰዎች ወደ ከበቡሽ ዞሩ። ማቀዝቀዣው ጠፋ፤ ወጥ ቤት ውስጥ ዘይት ሲንጣጣ ይሰማል። ከበቡሽ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ መናገር ነበረባት። አፏ የተናገረው ግን ሌላ ነው።

«ደራሲው ሁለቱንም አስቦ ነው» አለች። «ካጠበቅሽው በዓል ነው፤ ካላላሽው መጠበቅ ነው። ፊደላችን አይለየውም። የመጽሐፉ ውበት እዚያ ላይ ነው።»

«ይኼ ነው መማር!» አለ ጋሽ ንዋይ ጉልበቱን መትቶ። ሰዎቹ ተነፈሱ። ታደለች ሳምቡሳውን ልታወጣ ተነሳች። ሔራን ማስታወሻ ደብተሯን ከፍታ፣ ምላሷን በጥርሷ ይዛ፣ የተባለውን በትላልቅ ፊደላት ጻፈች። «ኦኬ። ሁለቱም» አለች።

ከበቡሽ ሳምቡሳውን ሳትቀምሰው ሳህኑ ላይ መለሰችው። ሰዎቹ አንድ በአንድ እየመጡ «ግሩም ነው» ይሏታል፤ እሷ «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች። ልጅቷ የጻፈችው ገጽ ጠረጴዛው ላይ ክፍት ሆኖ ነበር፤ ወደዚያ ላለማየት ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች።

ስትወጣ ሔራን እስከ ደረጃው ተከተለቻት። መጽሐፉን በንጹሕ ፌስታል ጠቅልላዋለች።

«እትዬ ከበቡሽ፣ መጨረሻው ገጽ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ነገር አለ። እኔ የእጅ ጽሑፍ ማንበብ አልችልም» አለች። ይህን ስትል የምታየው የደረጃውን ብረት እንጂ ከበቡሽን አልነበረም።

መኪናዋ ውስጥ እንደ ምድጃ ይግላል። ከበቡሽ በሩን ክፍት ትታ፣ አንድ እግሯን አስፋልቱ ላይ አድርጋ መጽሐፉን ገለጠች። በመጨረሻው ገጽ ኅዳግ ላይ የመንገሻ ጽሕፈት ነበር፤ ወደ ግራ የምትጋደም፣ የማትለወጥ ጽሕፈት።

«ላልቶ ይነበብ። ከበቡ፣ ገና አላነበብሽውም። ስትደርሺ ንገሪኝ። መጋቢት 77።»

መጋቢት ሰባ ሰባት። «ጨረስኩት» ያለችው በዚያ ወር ነው። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት አብረው ኖረዋል።

አሁን አንድ ነገር ትዝ አላት። ከዚያ ቀን ወዲህ መጽሐፉ የሚቀመጠው በአልጋው በእሷ በኩል ባለው ኮመዲኖ ላይ ነበር። ረስቶት ይመስላት ነበር። ቤት ስታጸዳ እያነሳች፣ አቧራውን እየጠረገች፣ ወደ እሱ በኩል ትመልሰዋለች። በማግሥቱ ተመልሶ በእሷ በኩል ይገኛል። አንድም ቀን ምንም አላላትም። ሰው ፊት ስለ መጻሕፍት ስትናገር ጎኗ ቁጭ ብሎ፣ አገጩን በእጁ ደግፎ፣ ፈገግ ብሎ ያዳምጣት ነበር። ያን ፈገግታ በሚስቱ መኩራት ነው ብላ ይዛው ኖራለች። መኩራትም ሊሆን ይችላል። አሁን የምትጠይቀው ሰው የለም።

መኪናውን ዘግታ ደረጃውን መልሳ ወጣች። በሩ ክፍት ነበር። ሔራን ወንበር ታጥፋለች፤ ጋሽ ንዋይ ቆቡን ይዞ ሊወጣ ነው።

«ምን ረሳሽ?» አለች ታደለች።

«ሔራን ያነበበችው ትክክል ነው» አለች ከበቡሽ የበሩ ደፍ ላይ ቆማ። «ላልቶ ነው የሚነበበው። ‹ሁለቱንም አስቦ ነው› ያልኩት ከራሴ ነው። መጽሐፉን አላነበብኩትም።»

ጋሽ ንዋይ ቆቡን በእጁ አሽከረከረ። ታደለች እጇን በፎጣ እያደረቀች ቀረበች። «ኧረ ተይ እህቴ፤ ሐዘን እኮ ነው፤ ሐዘን ስንት ነገር ያስረሳል።»

ለሁለት ዓመት ሐዘኗን ከሰው ደብቃ ያኖረችው ከበቡሽ አሁን ልትሸሸግበት ብትፈልግ በሩ ተከፍቶላት ነበር።

«ሐዘን አይደለም» አለች። «እሱ በሕይወት እያለም አላነበብኩትም። አንብቤዋለሁ አልኩት እንጂ።»

ታደለች ፎጣውን ይዛ ቆመች። ሔራን ያጠፈችውን ወንበር ግድግዳው ላይ አስደግፋ ደብተሯን ከጠረጴዛው አነሳች። ገጹን ትቀደዋለች ብላ ከበቡሽ ጠበቀች። ልጅቷ ግን አልቀደደችውም፤ ዘጋችው።

«ሶ… አሁን ያነቡታል?» አለች።

«አዎ።»

«ሲጨርሱ ኮል ያድርጉልኝ። ማንም የማወራው የለኝም። ስለ እሷ፣ ማለቴ፣ ስለ ሴትዮዋ።»

ከበቡሽ ቤቷ ስትገባ አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል፤ ፀሐይዋ ግን አልበረደችም። ቀሚሷን ሳትቀይር የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጠችና ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች። አሥራ አራተኛውን ገጽ አለፈች። ፊደሉ የተገለበጠበት ቦታ ስትደርስ መንገሻ በእርሳስ አስተካክሎት አገኘች፤ ቀጥሎም እንዲሁ። መንገዱን ጠርጎላት ነበር።

ገጽ ሠላሳ ላይ ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ባቡሩ መጥቶ እንደሆነ ጠየቀች። ከበቡሽ የሽማግሌውን መልስ ጮክ ብላ፣ አላልታ አነበበች። ድምፅዋ ከግድግዳው ተመለሰ። ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ወደ በሩ ቀና አለች። ከበሩ አጠገብ፣ ጫማ በሚወልቅበት ቦታ፣ የእሷ ጫማ ብቻ አለ።

«የት ደረስሽ?» የሚላት ሰው የለም።