ያልተላጠው ካሳቫ

እንግዳዋ ከመጣች ጀምሮ ድርቤ እንቅልፍ አልነበራትም። ጆሲ ትባላለች፤ ፊሊፒናዊት ናት። ከድርቤ ትልቋ ልጅ ከሊሊሴ ጋር ዱባይ ስድስት ዓመት በአንድ ቤት ሠርተው፣ በአንድ ክፍል ተኝተው፣ አንዷ ስትታመም ሌላዋ አስታማ ኖረዋል። ሊሊሴ ለቅቃ ነቀምቴ ስትገባ ጆሲ «አገርሽን ሳላይ አልሞትም» ብላት ነበርና፣ ይኸው በግንቦት ጭቃ ነቀምቴ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ድረስ መጣች። ቁመቷ አጭር፣ ሳቋ ረጅም። ድርቤ ሴትዮዋን አልጠላቻትም። የፈራችው ሻንጣዋን ነው።

ሻንጣው ውስጥ ጠርሙሶች ነበሩ። አንዱ ጥቁር ፈሳሽ፣ አንዱ ኮምጣጤ፣ ሦስተኛው ጭቃ የሚመስል ነገር። ሊሊሴ ሦስተኛውን ስትከፍተው ሽታው ጓሮ ድረስ ዘለቀ።

«ከባሕር የሚወጣ ትንሽ ፍጥረት ነው አዮ፣ በጨው የቆየ» አለቻት እናቷን።

«እግር አለው?»

«አለው።»

«ስንት?»

ሊሊሴ በሳቅ ፈረሰች። ድርቤ አልሳቀችም። በቤተ ክርስቲያን የሴቶች ጸሎት የምትመራ ሴት ናት፤ እግሩ ተቆጥሮ የማያልቅ ነገር ቤቷ ሲገባ ምን ያስቃታል? ደግሞም ጓዳ ውስጥ አራስ አለች። ታናሽ ልጇ አሜን ከወለደች አሥራ ሁለት ቀኗ ነው። የመጀመሪያ ወሊዷ ነው፤ ደም ብዙ ፈስሷት፣ ለጥቂት ነው የተረፈችው። የዚያን ቀን ፍርሃት ገና ከድርቤ አልወጣም። «የዚያች ሴት ምግብ አራሷ አፍ እንዳይደርስ» ብላ ሊሊሴን አስጠነቀቀቻት።

ጆሲ ግን ፍርሃት የሚባል አልፈጠረባትም። ሊሊሴ በየቀኑ አንድ ምግብ ቤት ትወስዳታለች። ጥሬ ሥጋውን በአዋዜ እያለቀሰች በላችው፤ በቅቤ የራሰው ቂጣ፣ ጩምቦው፣ ሲቀርብላት ቅቤው እጇ ላይ እየወረደ «ጨምሩልኝ» አለች። ጎረቤታቸው ወርቂቱ «ሆድ ነው ጎተራ?» ብላ እስክትገረም ድረስ። በአራተኛው ቀን ጆሲ በተራዋ ላብላችሁ አለች፤ ዶሮ በኮምጣጤና በዚያ ጥቁር ነገር፣ አዶቦ ይሉታል፤ ከዚያ የካሳቫ ኬክ። ካሳቫውን ሊሊሴ ከተናኜ ገዛች። ተናኜ ቤተሰቦቿ ከወሎ መጥተው ቆላ የሰፈሩ፣ ገበያ ላይ ሥራሥር የምትሸጥ ሴት ናት።

ጆሲ ካሳቫውን ልጣ፣ ቆራርጣ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ዘፈዘፈችው። ውሃውን ትደፋለች፣ ትቀይራለች፣ ደግሞ ትደፋለች። ድርቤ በር ላይ ቆማ «ምግብ ነው ወይስ የልብስ አጠባ?» እያለች ታሾፍ ነበር። ከጆንያው ውስጥ አራት ፍሬ ሳይላጥ ተረፈ።

ቅዳሜ ጠዋት ሊሊሴና ጆሲ ዶሮ ሊገዙ ወጡ። ድርቤ ከአሜን ጋር ቀረች። ወለጋ ውስጥ አራስ አንጮቴ የሚሉትን ሥር ሳትበላ አትነሣም፤ አጥንት ይጠግናል፣ ወተት ይጠራል። ምን ያደርጋል፣ ግንቦት ነው፤ አንጮቴ እስከ መስቀል የለም። ልጇ ገርጥታ ተኝታለች። ድርቤ ያን ጊዜ አራቱን ሥሮች አየቻቸው። ቢረዝሙም፣ ያው ከመሬት የሚወጣ ነገር ነው ብላ አሰበች። አንጮቴ ደግሞ ከነልጣጩ ነው የሚቀቀለው፤ አስቀድማ የላጠች ሴት ባለሙያ አትባልም። እናቷ እንዳስተማረቻት ከነልጣጩ ቀቀለችው፣ ከዚያ ላጠችው፣ ወቀጠችው፣ ቅቤና ጨው አደረገችበት።

«ይመራል አዮ» አለች አሜን።

«መድኃኒት መቼ ጣፍጦ ያውቃል? ብዪ ኢንተላ ኮ፣ ብዪ ልጄ።»

ድስቱን አጥባ አስቀመጠች። ለማንም አልተናገረችም፤ የእንግዳ ዕቃ ሳያስፈቅዱ መውሰድ ያሳፍራላ።

ምሳ ላይ አዶቦው ቀረበ። ወርቂቱም ተጠርታ መጣች። ድርቤ ከወትሮው የረዘመ ጸሎት ጸልያ በጣቷ ጫፍ ቀመሰችው። ጣፈጣት፤ መጣፈጡም አናደዳት። አሜን ከአልጋዋ ሆና ኬኩን ለመነች፤ ሊሊሴ የእናቷን ዐይን እያየች አንድ ቁራሽ ሰጠቻት።

ስምንት ሰዓት ሲሆን አሜን ራሴን አለች። ከዚያ አስመለሳት። ከዚያ ትንፋሿ ፈጠነ፤ ሮጣ የመጣች ይመስል ደረቷ ይነሣል፣ ይወድቃል። ሕፃኗን ላንሣ ስትል እጇ አልታዘዝ አላት።

«መርዝ አበላችብኝ!» ድርቤ ጆሲ ላይ ጣቷን ቀስራ ጮኸች። «ልጄን ገደለችብኝ!»

ባጃጅ ተጠርቶ ሆስፒታል ደረሱ። ወርቂቱ «ፖሊስ ይጠራ» እያለች ከኋላ ተከተለች። ድርቤ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ነበር። ዶክተር ራጉኤል የሚባል ወጣት ሐኪም ተቀበላቸው። ሁሉንም ጠይቆ ሲያበቃ ግራ ተጋባ።

«ኬኩን ስንት ሰው በላ?»

«ሁላችንም» አለች ሊሊሴ።

«ከእሷ በቀር የታመመ የለም። እንግዲያው ምግቡ አይደለም። ከወሊዱ ጋር የተያያዘ ይሆናል፤ በዚያ መንገድ እንሂድ።»

ጆሲ ስድቡን ሁሉ ችላ ቆማ ነበር። አሁን የሊሊሴን ክንድ ያዘች፤ ከዱባይ ባመጡት ቅልቅል ቋንቋቸው በችኮላ አወራቻት። ሊሊሴ ወደ እናቷ ዞረች።

«አዮ፣ ጆሲ ያልተላጠው ካሳቫ የት ገባ ትላለች። መራራው ዓይነት ሳይላጥና ሳይዘፈዘፍ ከተበላ መርዝ ነው፤ ሰው ይገድላል። አሜን ጠዋት ምን በላች?»

ድርቤ ዐይኗን ወደ ሕፃኗ መለሰች።

«ገንፎ» አለች።

ቃሉ ከአፏ እንዴት እንደወጣ አላወቀችም። ሐኪሙ ገንፎ ብሎ ጻፈ፤ ነርሷን ጠርቶ ስለ ሌላ መድኃኒት ማዘዝ ጀመረ። ከመጋረጃው ጀርባ የአሜን ትንፋሽ ይሰማል፤ ይፈጥናል፣ ይቆረጣል፣ እንደገና ይፈጥናል። ዝም ብትል ማን ያውቃል? ድስቱ ታጥቧል። ወርቂቱም፣ ፖሊሱም፣ አገሩም የሚያየው ፈረንጂቱን ነው። ድርቤ በሕይወቷ እንዲህ ፈርታ አታውቅም፤ ልጇ እንዳትሞት ፈራች፣ ገዳይዋ ራሷ እንዳትሆን ደግሞ ፈራች። ሕፃኗ እቅፏ ውስጥ ተንቀሳቀሰች።

«ገንፎ አይደለም!» አለች። ጩኸቷ ክፍሉን ሞላው። «ካሳቫውን እኔ ነኝ ያበላኋት። ከነልጣጩ ቀቅዬ።»

ሐኪሙ ብዕሩን አቆመ። «ስንት ሰዓት ላይ፣ አዴ ድርቤ? ምን ያህል?»

«ሦስት ሰዓት ላይ። ሁለት ሳህን። ሁለተኛውን መረረኝ ብላ እምቢ አለች፤ በግድ ያጎረስኳት እኔ ነኝ።»

«ሕፃኗ ከዚያ ወዲህ ጠብታለች?»

ሐኪሙ ሕፃኗን ከድርቤ እጅ ነጥቆ አያት፣ ደረቷን አዳመጠ፣ መለሰላት። ደህና ናት አለ፤ ለጊዜው ግን ጡት እንዳትጠባ። ከዚያ ኦክስጅን፣ ጉሉኮስ፣ ሌላ መርፌ፣ ሩጫ። ወርቂቱ ስለ ፖሊስ ማውራቷን ትታ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሊሊሴ ወደ እናቷ አላየችም። ጆሲ ብቻ መጥታ ከድርቤ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ያ ሁሉ ስድብ ዞሮ ቢመጣባት ለድርቤ ይቀላት ነበር።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አሜን ዐይኗን ገለጠች። ትንፋሿ ረግቷል። ድርቤ ሕፃኗን እንዳቀፈች አልጋው ሥር ተንበረከከች።

«ልጄ፣ እንግዳዋ አይደለችም። እኔ ነኝ።»

«ሰምቼሻለሁ» አለች አሜን፤ ድምፅዋ ከኦክስጅን ጭምብሉ ሥር ቀጥኖ ወጣ። «መጀመሪያ ገንፎ ስትዪም ሰምቼሻለሁ።»

ድርቤ ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች። አሜን ግን እሷን አልነበረም የምታየው፤ የእናቷን ክንዶችና በውስጣቸው የተኛችውን ነበር።

«ልጄን ለጆሲ ስጪያት» አለች።

«ደክሟት ነው አዮ» አለች ሊሊሴ ቀስ ብላ። አሜን ዐይኗን አልነቀለችም።

ድርቤ ተነሣች። የሕፃኗን አንገት በመዳፏ ደግፋ፣ ጨርቁን አስተካክላ፣ ለጆሲ ሰጠቻት።